በአውስትራሊያ በረሃ ከድንጋይና ከኖራ የተሠራው መንደር

አሊስ ስፕሪንግስ ከተባለችው የመካከለኛው አውስትራሊያ ከተማ ወደ ምዕራብ 125 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ ግድግዳቸው በነጭ ኖራ የተቀባ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ የለበሰ አሮጌ የድንጋይ ቤቶች በአንድ ሰፊ ግቢ ዙሪያ ተሰብስበው ይታያሉ። በአጠገባቸው የሚያልፈው ፊንክ ወንዝ ስሙ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ጀርመኖቹ ለቦታው ያወጡለት ስም ሄርማንስበርግ ነው። የአገሬው ተወላጅ የሆነው የአራንዳ ሕዝብ ግን ንታሪያ ይለዋል።

መንደሩ የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ሲሆን፣ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። መሥራቾቹ ኬምፔና ሽዋርትስ የተባሉ ሁለት የሉተራን ሚስዮናውያን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በኦክቶበር 1875 ከደቡብ አውስትራሊያ ተነሥተው፣ በጋሪና በፈረስ፣ ሁለት ሺህ ያህል በግ እየነዱ ተጓዙ። ድርቁ መንገድ ላይ ስላገዳቸው ለመድረስ ሃያ ወር ፈጅቶባቸዋል።

የላካቸው ማኅበር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በሰሜን ጀርመን፣ ሄርማንስበርግ በተባለች የገጠር ደብር በ1849 የተቋቋመው ይኸው ማኅበር የመጀመሪያ ሐሳቡ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መምጣት ነበር። በ1853 ለዚሁ ጉዞ ያሠራትን መርከብ የሰየማትም በሐዋርያት ሥራ ላይ በተጠቀሰችው በኢትዮጵያ ንግሥት በህንደኬ ስም ነው። ይሁን እንጂ መልእክተኞቹ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ወደ ውስጥ መዝለቅ ስላልቻሉ ፊታቸውን ወደ ደቡብ አፍሪካ አዞሩ። ማኅበሩ በወለጋ፣ አይራ ላይ ጣቢያ የከፈተው ከ75 ዓመት በኋላ፣ በ1928 ነው።

በቦታው ከተገኘው

አብዛኞቹ የሄርማንስበርግ ሚስዮናውያን የገበሬና የእጅ ባለሙያ ልጆች ስለነበሩ፣ በበረሃው ላይ የሠሩት በአገራቸው የሚያውቁትን የገበሬ ግቢ ነው። መኖሪያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የብረት ቀጥቃጩ ቤት፣ የሥጋ ማስቀመጫው ሁሉ ወደ መካከለኛው ግቢ ፊቱን አዙሮ ቆሟል። በ1897 ያለቀችው ቤተ ልሔም የተባለች ቤተ ክርስቲያንም ከዚያው ውስጥ ናት። እንጨቱም ድንጋዩም የአካባቢው ነው። ኖራው እዚያው ተቃጥሎ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ጣሪያው በመጀመሪያ ሣር ነበር። ቆርቆሮው የለበሰው በኋላ ነው። ባቡር እስከ ኡድናዳታ የደረሰው በ1891 በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ዕቃ የሚመላለሰው በግመል ነበር። አንድ ቆርቆሮ ስንት ቀን በግመል ጀርባ እንደተጓዘ ያሰበ ሰው፣ ከሩቅ ከመጣው ይልቅ በእግር ሥር ያለው ድንጋይ ለምን እንደተመረጠ ይገባዋል።

ወፍራሙ የድንጋይ ግንብ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም፤ የሌሊቱንም ብርድ ያዘገያል። ኖራው ደግሞ ግድግዳው የሳበውን እርጥበት መልሶ እንዲያወጣ ያደርጋል። እንዲህ ያለውን አሮጌ ግድግዳ ‹‹እናጠንክረው›› ብሎ በሲሚንቶ መለሰን ጉዳት አለው፤ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ድንጋዩን ይበላዋል። ኖራ በየጊዜው መታደስ ይኖርበታል። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ወጪው ቀላል ነው።

ድንጋዩን ከተሸከሙትና ግንቡን ካነሡት መካከል ብዙዎቹ አራንዳዎች ነበሩ። ሚስዮኑ መሬቱን የተረከበው ከቅኝ ግዛቱ መንግሥት ነው፤ ባለ አገሮቹን የጠየቀ አልነበረም። ሚስዮናውያኑ የሕዝቡን ጥንታዊ ሥርዓትም ይከለክሉ ነበር። በሌላ በኩል ግን ግቢው መጠጊያ ሆኗል። በ1880ዎቹ ዊልሻየር የተባለ የፖሊስ ባልደረባ የአካባቢውን ተወላጆች ይገድል ስለነበር፣ ሚስዮናውያኑ ለመንግሥት አቤት ብለዋል። ዊልሻየር በ1891 በነፍስ ግድያ ተከሶ ቢቀርብም በነጻ ተለቀቀ። እስከዚያው ዓመት ድረስ መሥራቾቹ ታመውና ተዳክመው ቦታውን ለቅቀው ነበር።

ካርል ሽትሬሎ በ1894 መጥቶ ሥራውን እንደገና ያስጀመረ ሲሆን፣ ቋንቋውን ተምሮ 28 ዓመት ቆየ። በ1922 በጠና ሲታመም ሐኪም አልነበረም። ወንበር ላይ እንደተቀመጠ በጋሪ ተጭኖ፣ የፊንክን ደረቅ አሸዋ ተከትሎ ወደ ባቡር ጣቢያው ሲወሰድ ሆርስሹ ቤንድ በተባለ ቦታ ሞተ። የቦታው ርቀት ምን ያህል እንደነበር ይህ ብቻ ይበቃል።

የካፖሪልያ ምንጭ

ቤቱ ጠንካራ ነበር፤ ውኃው ግን አልነበረም። ከ1920ዎቹ አጋማሽ በኋላ ለዓመታት የዘለቀው ድርቅ ከብቱን ፈጀ። የአትክልት ቦታውም ደረቀ። ሕዝቡ በዱቄት፣ በስኳርና በሻይ ብቻ መኖር ጀመረ። ድድ የሚያደማ፣ አቅም የሚነሳ በሽታ ገባና ብዙ ሕፃናት አለቁ። መጥተው የመረመሩ ሐኪሞች በሽታው ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ከማጣት የሚመጣ ስከርቪ መሆኑን አረጋገጡ። መድኃኒቱ አትክልት ነበር፤ አትክልት ደግሞ ያለ ውኃ አይበቅልም።

ከመንደሩ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካፖሪልያ የተባለ የማይደርቅ ምንጭ አለ። የጊዜው ኃላፊ ፓስተር አልብሬክት ውኃውን በቧንቧ ለማምጣት ቢያስብም ገንዘብ አልነበረውም። ወደ አካባቢው የመጡ ኡና እና ቫዮሌት ቲግ የተባሉ እኅትማማቾች የሕዝቡን ችግር አይተው ሲመለሱ፣ በ1934 በሜልበርን ከተማ ሠዓሊዎች የለገሷቸውን ሥዕሎች በኤግዚቢሽን አሳይተው ገንዘቡን አሰባሰቡ። የቧንቧውን ቦይ የቆፈሩት አራንዳዎቹ ናቸው፤ መሣሪያቸውም ዶማና ድጅኖ ነበር፤ መሬቱም ድንጋያማ። በ1935 ውኃው ያለ ሞተር፣ በቁልቁለት ብቻ እየወረደ ግቢው ደረሰ። አትክልቱ ለማ፤ በሽታውም ጠፋ።

ምንጭ አጎልብቶ ውኃ ለማዳረስ የደከመ የገበሬ ማኅበር መሪ እዚህ ላይ ሳያስተውል አያልፍም፤ ሐኪሞቹ በሽታውን ነገሩ፣ የከተማ ሰዎች ቧንቧውን ገዙ፣ ቦዩን የቆፈረው ግን ውኃውን የሚጠጣው ሕዝብ ነው።

ከውኃው በኋላ ግቢው የሥራ ቦታ ሆነ። ቆዳ ማልፊያ ተቋቁሞ የቆዳ ዕቃዎች ይመረቱ ጀመር። በ1902 በዚሁ መንደር የተወለደው፣ አናጢም ብረት ቀጥቃጭም ግመል ነጂም የነበረው አልበርት ናማትጅራ በ1936 የውኃ ቀለም አሣሣል ተምሮ፣ የአገሩን ተራሮች በመሣል በመላው አውስትራሊያ ስሙ ታወቀ። ይህ ሰው በሥዕሉ ባገኘው ገንዘብ ከብት ሊያረባ አስቦ የግጦሽ መሬት ፈቃድ ቢጠይቅ ተከለከለ። በአሊስ ስፕሪንግስ ቤት ለመሥራት ሲጠይቅም ተወላጅ በመሆኑ አልተፈቀደለትም። በ1959 ሞተ።

የመሬቱ ጥያቄ የተመለሰው እርሱ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በ1976 በወጣው የተወላጆች የመሬት መብት ሕግ መሠረት፣ የሚስዮኑ መሬት በ1982 ለአራንዳ ባለ መሬቶች ተመለሰ። ግቢው በ2006 በአውስትራሊያ ብሔራዊ የቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ማንም ሳይጠይቃቸው በመሬታቸው ላይ የቆመው ግንብ፣ ከነቤተ ክርስቲያኑና ከነተምር ዛፎቹ፣ ባለ መሬቶቹ እጅ ገባ። ኖራውን የማደሱም ኃላፊነት አብሮ ገባ።