እሳትን ማን ያውቀዋል? ማኅበረሰቦች ከሰደድ እሳት ጋር የሚላመዱበትን መንገድ ስለ ማጥናት

በቡኢ ከተማ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር



ሰደድ እሳት በአገራችን የሚወራለት ሲነሣ ብቻ ነው። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደኖች ለሳምንታት ሲነዱ የደቡብ አፍሪካ፣ የጀርመንና የአሜሪካ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ተጠርተዋል። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠልም የኬንያ ሄሊኮፕተርና የእስራኤል እሳት አጥፊዎች መጥተዋል። ጥናቱም ብዙ ጊዜ ዜናውን ይከተላል፤ ስንት ሄክታር ነደደ፣ ማን ለኮሰው፣ በምን ጠፋ ይላል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው በሁለት ቃጠሎዎች መካከል ስላለው ረጅም ጊዜ ነው። ሰው ከእሳት ጋር መኖርን የሚማረው በዚያ ጊዜ ነውና።

መላመድ ማለት ጉዳትን መሸከም ማለት አይደለም። አደጋን አስቀድሞ ዐውቆ የመሬት አያያዝን፣ የቤት አሠራርንና የመረዳጃ ደንብን በዚያው ልክ ማስተካከል ማለት ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ዕውቀቱ ከማን ዘንድ ነው? የመወሰን ሥልጣኑስ? ጉልበቱስ?

ስለ ዕውቀቱ የባሌ ተራሮች ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ማሪያ ዮሃንሰን፣ ማስረሻ ፈጠነና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ከብት አርቢዎች በበጋ የአስታ ቁጥቋጦን የሚያቃጥሉት በዘፈቀደ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ለምለም ግጦሽ ለማግኘት፣ ከብት የሚጎዳ ትልን ለመቀነስና አውሬ የሚሸሸግበትን ስፍራ ለማሳሳት ያቃጥላሉ። በቅርብ የተቃጠለ ቦታ ለዓመታት በቀላሉ ስለማይነድ፣ ዕድሜያቸው የተለያየ ቁጥቋጦዎች ጎን ለጎን ሲገኙ እሳቱን ይገቱታል። ማቃጠል ፈጽሞ ቢቀር ግን አሮጌው ቁጥቋጦ ተያይዞ ያድጋል፤ የሚነሣው እሳትም ሊከፋ ይችላል።

የመወሰን ሥልጣኑ ግን ከአርቢው እጅ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 542/1999 በደን ላይ እሳት ለኩሶ ጉዳት ያደረሰን ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣ ነበር። ይህ አዋጅ ኋላ በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ተተክቷል። ደንን መጠበቅ ተገቢ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን መጠይቅ ይዞ ደጅ የሚቆም ተማሪ «እሳት ለኩሰው ያውቃሉ?» ሲል ምን እየጠየቀ እንደሆነ ያስብ። እውነት የሚናገር አባወራ ወንጀል መናዘዙ ነው፤ ብልሁ ደግሞ «ኧረ በጭራሽ» ይላል። ከዚያ በኋላ መልሱ በሠንጠረዥ ሲደመር «ማኅበረሰቡ ስለ እሳት ዕውቀት የለውም» የሚል ግኝት ይወጣል፤ መደምደሚያውም «የግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጥ» ይሆናል። እንዲህ ያለው ጥናት ዕውቀቱን ያጠፋዋል፤ ዐዋቂውንም ለአደጋ ያጋልጠዋል።

ስለዚህ ጥያቄያችሁ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ስፍራ፣ ስለ ወቅትና ስለ ልማድ ይሁን። የመላሹን ስም ከተቃጠለው ቦታ ጋር አታያይዙ። አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ አትመለሱ፤ እረኛውንም ሽማግሌውንም ደጋግማችሁ አነጋግሩ።

ሦስተኛው የጉልበት ጥያቄ ነው፤ እዚህ ቡኢ አካባቢ ሊጠና የሚገባውም ይህ ይመስለኛል። በጉራጌ ገጠር የሣር ክዳን ቤት፣ እርጥበት የማይለየው እንሰትና ቅጠሉ ዘይት ያዘለ ባሕር ዛፍ በአንድ ግቢ ይገኛሉ። ባሕር ዛፉ ሲስፋፋና እንሰቱ ሲሳሳ እሳት የሚሄድበት መንገድ እንዴት ይለወጣል? ወጣቱ ኑሮውን ፍለጋ አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ይወጣል፤ በብዛት የሚመለሰው ለመስቀል ነው። መስቀል መሬቱ ገና ያልደረቀበት ወቅት ነው። ሣሩ ደርቆ ነፋሱ በሚበረታበት በበጋው ግን መንደሩ ውስጥ ያሉት በአብዛኛው እናቶች፣ አረጋውያንና ሕፃናት ናቸው። «ኡኡ» ሲባል ማን ይደርሳል? እድሩ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ መልሶ ለመሥራት ያለው አቅም፣ እሳቱን ቀድሞ ለመከላከል ካለው አቅም ጋር እኩል ነውን?

እነዚህን ጥያቄዎች በሳተላይት ምስል ብቻ መመለስ አይቻልም። ምስሉ የተቃጠለውን ያሳያል፤ ለምን ሳይቃጠል እንደቀረ የሚነግራችሁ የቦታው ሰው ነው። የቦታው ሰው የሚነግራችሁም ቃሉ በእርሱ ላይ ማስረጃ እንደማይሆን ሲያምን ነው። ያን እምነት መጠበቅ የጥናታችሁ የመጀመሪያው ግዴታ ነው።