ወላድ እናት በመንገድ እንዳትቀር ስለ መርዳት

የሰው ልጅ ሁሉ በእናት ማኅፀን አድሮ በእናት ጭንቅ ወደዚህ ዓለም የመጣ ስለ ሆነ፥ የወላድን ነገር የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው ለማንም አይገባም። በሀገራችን ሴት ምጥ በያዛት ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም ማርያም» እያለ ይማፀናል፤ በደኅና ስትገላገልም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። የደስታው ቃል ራሱ አደጋው ምን ያህል ቅርብ እንደ ነበረ ይመሰክራል። በኦሪት እንደ ተጻፈው የያዕቆብ ሚስት ራሔል ብንያምን ስትወልድ ወደ ኤፍራታ በሚወስደው መንገድ ላይ ሞተች፤ መቃብሯም በዚያው በመንገድ ዳር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስንት እናት በመንገድ እንደ ቀረች ቆጥሮ የሚጨርስ የለም።

አዲስ አበባን ከላይ ሆነው የሚመለከቱት የእንጦጦና የየካ ተራሮች ይህን ጭንቅ በደንብ ያውቁታል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ከተተከለ ወዲህ፥ የከተማው ምድጃ የሚነድደው ከዚህ ዳገት በሚወርደው እንጨት ነበር። እንጨቱንም ለረጅም ዘመን ያወረዱት ሴቶች ናቸው፤ 30 ኪሎና ከዚያም የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፥ ጎንበስ ብለው፥ ከንጋት ጀምሮ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ኖረዋል። ከእነርሱም መካከል ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የተራራው መልክ እጅግ ተለውጧል፤ ነገር ግን ድህነት ያስጨነቃት ነፍሰ ጡር ከባድ ሸክም መሸከሟ፥ በቂ ምግብ አለማግኘቷና ደሟ ማነሱ በየትም ስፍራ ቢሆን የሚጎዳት ነው።

የወላድ ሞት ሰዓት የሚቆጠርለት ሞት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ከወለደች በኋላ ደም አለመጠን የሚፈስሳት ሴት፥ ካልተረዳች በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። የደም ግፊት ከፍ ብሎ የሚያንዘፈዝፋት ሴት በግማሽ ቀን ያህል፥ ምጥ የጸናባት በሁለት ቀን ያህል፥ ከወሊድ በኋላ ማኅፀኗ የቆሰለና ትኩሳት የያዛት በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ትደርሳለች። ለእነዚህ ሁሉ መድኃኒት ተገኝቶላቸዋል። ለደም መፍሰስ ኦክሲቶሲን፥ ለሚያንዘፈዝፈው በሽታ ማግኒዥየም ሰልፌት፥ ለጸናው ምጥ ቀዶ ሕክምና አለ። እናትን የሚገድላት እንግዲህ የመድኃኒት መታጣት ብቻ ሳይሆን መዘግየት ጭምር ነው፤ በቤት ውስጥ ሲመካከሩ መዘግየት፥ በመንገድ መዘግየት፥ ሐኪም ቤት ከደረሱም በኋላ መዘግየት።

ይህ አደጋ ባለጸጋና ድሀ አይለይም። በስደት ዘመን በሎንዶን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ሙያ የተማሩት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፥ በትዳር በጥቂት ወራት ውስጥ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በእርግዝና ምክንያት በደረሰባቸው ሕመም በነቀምቴ አረፉ። በስማቸው በአዲስ አበባ በተሠራው ሆስፒታልም በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ሥራ ጀመሩ። በዚያም ምጥ ቀናት ሙሉ ጸንቶባቸው የተጎዱ ሴቶችን አገኙ። የሕፃኑ ራስ ሥጋውን ለረጅም ጊዜ ሲጫነው ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፤ ቀዳዳም ይከፈታል፤ ሽንትም ያለ መቋረጥ ይፈስሳል፤ ሴቲቱም ከሰው ተለይታ ትኖራለች። ለዚህ ለፊስቱላ ሕመም ሁለቱ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 በአዲስ አበባ ልዩ ሆስፒታል ከፈቱ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ከሀገሪቱ አልተለዩም።

ድካሙ ፍሬ አልባ አልሆነም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በ1992 ዓ.ም. ከ100 ወሊድ በጤና ተቋም የተፈጸመው 5 ብቻ ሲሆን፥ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሷል። ይሁን እንጂ 48 ከ100 ማለት በዚያ ጊዜ ከግማሽ የሚበልጠው ወሊድ በቤት ነበር ማለት ነው፤ ይህም ገና የሚቀር ሥራ እንዳለ ያስታውቃል።

ስለዚህ በሥልጣን ያሉ ሰዎች መንገዱ እንዲጠገን፥ አምቡላንሱ ነዳጅ እንዳያጣ፥ ደምም በደም ባንክ እንዲገኝ መትጋት ይገባቸዋል። የካህናቱ ድርሻ ደግሞ ከዚህ የማያንስ ነው። የንስሐ አባት በየቤቱ ይገባል፤ ቃሉም ይሰማል። ነፍሰ ጡርና አራስ ጾሙ እንደሚቀልልላቸው ሊያስረዳቸው፥ ባልንም ሚስቱን ከከባድ ሸክም እንዲያሳርፍ ሊመክረው ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ጸበል ለሚጠመቁ ሕሙማን ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ አስተምረዋል፤ ይህ ትምህርት ለወላድም ይሆናል። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው አስተምሮናል።

ብርቱ ራስ ምታት፥ የዓይን መፍዘዝ፥ የፊትና የእጅ እብጠት፥ ደም መታየት፥ ትኩሳት፥ የሽሉ እንቅስቃሴ ማቆም፥ ወይም ከ12 ሰዓት ያለፈ ምጥ የታየባት ሴት ነገ ጠዋት እስኪሆን አትጠበቅ። ጎረቤቶቿ «ማርያም ማርያም» ይበሉ፤ እያሉም ወደ ሐኪም ቤት ያድርሷት። ጸሎቱ ምጧን፥ እግራቸው ሰዓቱን ይቅደም፤ ያን ጊዜ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ቃል በእያንዳንዱ ደጃፍ ይሰማል።