ዕድሩም ተነሺ ሲሆን
በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ዳር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ በካሣ፣ በምትክ ቤትና በቅርስ ላይ ነው። ይገባዋልም። የደነገጠውን ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማን ይደግፈው የሚለው ግን በወጉ አልተነሳም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት እንዲህ ያለው ድጋፍ፣ ማለትም የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ ሕክምና አይደለም፤ ሰጪውም የግድ ሐኪም መሆን አያስፈልገውም። ሥራው ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት ነው። ማን መጠለያ አጣ፣ ማን ከሁሉ በላይ ተረበሸ ብሎ ያያል። ሊያወራ የፈለገን ይሰማል፣ ዝም ያለውን አያስገድድም። ከዚያ ከዘመድ፣ ከአገልግሎትና ከእውነተኛ መረጃ ጋር ያገናኛል።

አለማስገደዱ ምክንያት አለው። ቀደም ሲል ከአደጋ የተረፈን ሰው ወዲያው አስቀምጦ ሁሉን ማስተረክ በብዙ አገር ተስፋፍቶ ነበር። ኋላ ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ፣ የአንድ ጊዜው ትረካ ሕመምን እንደማይከላከል፣ በአንዳንዱ ላይም እንደሚያብስበት ታወቀ።

የእኛ ለቀስተኛ ይህን ያውቃል። ድንኳን ይገባል፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ሐዘንተኛውን አይመረምርም። ምግቡ ከጎረቤት ይመጣል፣ ለቀናት ሰው ከቤቱ አይጠፋም። መርዶም ቢሆን ሊነጋጋ ሲል፣ የቅርብ ሰዎች ተሰብስበው ነው የሚነገረው። («ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውን ብንተው ደግሞ እንዴት ጥሩ ነበር!)

ዕድር ግን በዋናነት የሚነሳው ለሞት ነው። ቤት ለፈረሰበት ድንኳን አይተከልም፣ ጡሩንባ አይነፋም። በፒያሳ ደግሞ የዕድሩ ዳኛም፣ ጸሐፊውም፣ ወጥ ሠሪዋም ራሳቸው ተነሺ ሆኑ። ከማየት፣ ከማዳመጥና ከማገናኘት እጅግ የተጎዳው ማገናኘቱ ይመስለኛል፦ በአጥር ላይ ለቡና ይጠሯቸው የነበሩ እናት ጎረቤታቸው ዘንድ ለመድረስ ታክሲ መሳፈር ካለባቸው፣ የባለሙያ ምክር ብቻውን አይደርስላቸውም።

ስለዚህ ጎረቤታሞችን በአንድ ሕንፃ መመደብ፣ የመነሻውን ቀን ቀድሞ መናገርና አለመለዋወጥ፣ ለዕድሩ በአዲሱ ሰፈር መሰብሰቢያ መስጠት ራሳቸው የመጀመሪያ ዕርዳታ ናቸው። የወረዳ ሠራተኞችና የዕድር ዳኞች መሠረታዊውን በአንድ ቀን ሥልጠና ሊይዙት ይችላሉ። ከእነሱ አቅም በላይ የሚሆንም አለ። ራሱን ስለማጥፋት የሚናገር ወይም ልጆቹን መንከባከብ ያቃተው ሰው ለብቻው አይተውም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ወደነበረው አማኑኤል፣ ከሚያምነው ሰው ጋር ይወሰዳል።