ኬጂው ይፈተሻል፤ ኦ ክፍሉስ? የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ጥራትና ቁጥጥር በአዊ

በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በዳንግላ ወይም በእንጅባራ ከተማ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት የተነሣ ወላጅ ሁለት አማራጭ አለው። አንዱ የግል ኬጂ ነው። ብዙ ጊዜ ለመኖሪያ ተሠርቶ የተከራየ ግቢ፣ አጥሩ ላይ የተሳለ ሥዕል፣ ዥዋዥዌና ሸርተቴ፣ ዩኒፎርም፣ በየወሩ የሚከፈል ክፍያ። ሁለተኛው በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለው፣ ልጁን ለአንደኛ ክፍል የሚያዘጋጀው ኦ ክፍል ነው። ክፍያ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ክፍልና አንዲት መምህርት ናቸው ያሉት። በባንጃ፣ በአንከሻ ወይም በፋግታ ለኮማ ገጠር ለሚኖረው ገበሬ ግን አማራጩ አንድ ብቻ ነው፤ ካለ ኦ ክፍል፣ ከሌለ ቤት።

የእነዚህን ማዕከላት ጥራት የሚመዝነውና ሕግ ማክበራቸውን የሚከታተለው ማነው? በምንስ ይመዝናል? መልሱን ለማግኘት የታሪኩን፣ የመዋቅሩንና የመመዘኛውን መንገድ ጥቂት መከተል ያስፈልጋል። በመንገዱ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ነገር ይህ ነው፦ ቁጥጥሩ የሚጠብቀው ጥቂት ልጆች ባሉበት በግል ኬጂ ሲሆን፣ የሚላላው አብዛኞቹ ልጆች ባሉበት በኦ ክፍል ነው።

ከየኔታ እስከ ኦ ክፍል

ዘመናዊ ኬጂ ከመምጣቱ በፊት የሕፃናት ትምህርት በጎጃም ምድር የቤተ ክህነት ነበር። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ ንባብ ተምሮ ዳዊት ይደግማል። ምዘናው ጥብቅ ቢሆንም የግል ነበር፤ የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ከፊታቸው አስቀምጠው ይሰሙታል፣ ያልያዘ ወደ ቀጣዩ አያልፍም። በእስልምና በኩልም የቁርኣን ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ሚና ነበራቸው። ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉ፤ ከመንግሥት የጥራት መመዘኛ ግን ውጭ ናቸው።

በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት በድሬዳዋ በ1900 እ.ኤ.አ. ለባቡር ሐዲዱ ፈረንሳውያን ሠራተኞች ልጆች እንደተከፈተ ይነገራል። ከዚያ በኋላ እርምጃው አዝጋሚ ነበር። እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ በመላ አገሪቱ የነበሩት መዋዕለ ሕፃናት ከ100 አይበልጡም ነበር። ደርግ በቀበሌና በማኅበራት በኩል ቁጥራቸውን አበዛ፤ ይሁን እንጂ ሥርጭቱ ከከተማ ብዙም አልወጣም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለኬጂ እውቅና ቢሰጥም መንግሥት ራሱ ገንብቶ ማስፋፋት ውስጥ አልገባም። ክፍተቱን የሞሉት የግል ባለሀብቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት ናቸው። ነገሩ የተለወጠው በ2002 ነው። በዚያ ዓመት የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ማዕቀፉ ለወላጆች ከሚሰጥ ትምህርት ጀምሮ እስከ ጤና፣ እስከ ኬጂና እስከ ኢመደበኛ የትምህርት ዝግጁነት ድረስ ይዘረጋል። ኦ ክፍል በአገር ደረጃ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው። ውጤቱ በቁጥር ሲታይ አስደናቂ ነበር። በ2003 ገደማ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ አምስት አካባቢ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ከሦስት ልጆች አንዱን ያህል መድረስ ቻለ።

የ2015ቱ አዲስ ፖሊሲ ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመረ። ቅድመ አንደኛ ደረጃ ሁለት ዓመት ሆነ፤ ነፃና ግዴታ እንዲሆንም ተወሰነ። መንግሥት አንድን ትምህርት ግዴታ ሲያደርግ ልጁ የሚገባበት ክፍል ምን ይመስላል የሚለው ጥያቄ የራሱ የመንግሥት ዕዳ ይሆናል።

ፈቃድ ሰጪው፣ ተቆጣጣሪው፣ ባለቤቱ

የግል ኬጂ ለመክፈት የሚፈልግ ሰው ወደ ከተማው ወይም ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። የግቢው ስፋት፣ የክፍሎቹ ብርሃንና አየር፣ ውኃ፣ ለወንድና ለሴት የተለየ መጸዳጃ ቤት፣ የመጫወቻ ቦታ፣ የመምህራኑና የርዕሰ መምህሩ የትምህርት ማስረጃ፣ የሚጠቀሙበት ሥርዓተ ትምህርት ይታያል። ሲሟላ የእውቅና ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል። ካላሟላ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ካላረመ ደግሞ ይዘጋል።

አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን አላት። በአማራ ክልል ግን ፈቃዱም ኢንስፔክሽኑም በትምህርት መዋቅሩ ውስጥ ነው፤ ከክልሉ ትምህርት ቢሮ ወደ ዞኑ ትምህርት መምሪያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳና ከተማ ጽሕፈት ቤት ይወርዳል። በየጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር አለ፤ ሥራው መደገፍ ነው። ኢንስፔክተሩ ደግሞ ይመዝናል፣ ደረጃ ይሰጣል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የኦ ክፍሉ ባለቤት ራሱ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ነው። የራሱ ክፍል ውኃ የለውም ብሎ ራሱን የሚዘጋ ጽሕፈት ቤት የለም፤ ሊኖርም አይገባውም፤ ቢዘጋ የሚጎዱት ልጆቹ ናቸውና። ስለዚህ ለግሉ የሕግ ጥሰት የሆነው ነገር ለመንግሥቱ «ክፍተት» ተብሎ በሪፖርት ይመዘገባል። ለክፍተቱ ማሟያ በጀት ካልተያዘ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመትም ያው ክፍተት በዚያው ቃል ይጻፋል።

ከኬጂ በታች ያለው ዕድሜ የባሰ ባዶ ነው። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ ሲያበቃ በእንጅባራ ባንክ ወይም ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ እናት ልጇን ለሞግዚት ወይም ለአያት ትተዋለች። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር፤ ማቆያው ከተከፈተ በኋላ ግን ጥራቱን ማን በምን ይመዝነዋል የሚለው ከኬጂው ያህል እንኳ ግልጽ አይደለም።

ቁጥሩ ምን ይላል፣ ምን ይደብቃል?

በ2006 ገደማ ሥራ ላይ የዋለው የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ትምህርት ቤቶችን በ26 ስታንዳርዶች ይመዝናል። ስታንዳርዶቹ በሦስት ይመደባሉ፦ ግብዓት 25 ከመቶ፣ ሂደት 35 ከመቶ፣ ውጤት 40 ከመቶ ይይዛሉ። ድምሩ ከ50 በታች ከሆነ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ከሆነ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ይባላል። ደረጃ 3 እና 4 ስታንዳርዱን እንዳሟሉ ይቆጠራሉ። ቅድመ አንደኛ ደረጃም የሚታየው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ኢንስፔክተሮቹ ቼክሊስት ይዘው ሰነድ ያገላብጣሉ፣ ክፍል ገብተው ይመለከታሉ፣ መምህራንና ወላጆችን ያነጋግራሉ።

ክብደቱ ለውጤትና ለሂደት ማድላቱ መልካም ነው። ሆኖም አንድ ድምር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ምሳሌ እናድርግ። አንድ የከተማ ኬጂ ግቢው አምሮ፣ መጫወቻው ሞልቶ ከግብዓቱ 25 ውስጥ 24 አገኘ። ክፍል ውስጥ ግን ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ከሰሌዳ ይገለብጣሉ፤ ከሂደቱ 17፣ ከውጤቱ 20 አገኘ። ድምሩ 61። አንድ የገጠር ኦ ክፍል ደግሞ ግድግዳው ጭቃ፣ ወንበሩ ጎዶሎ ሆኖ ከግብዓት 10 ብቻ አገኘ፤ መምህርቷ ግን በተረት፣ በዘፈንና በጨዋታ የምታስተምር ብርቱ ናትና ከሂደት 27፣ ከውጤት 28 አገኘ። ድምሩ 65። ሁለቱም ደረጃ 2 ናቸው። አንደኛው የሚያስፈልገው የመምህራን ሥልጠና ነው፤ ሁለተኛው ወንበርና ወለል። ደረጃውን ብቻ ያነበበ ሰው ግን ልዩነቱን አያየውም።

በዚህ ዕድሜ «ውጤት» ማለትም አከራካሪ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ፈተና አይፈተንም። ስለዚህ የሚታየው ልጁ ለአንደኛ ክፍል መዘጋጀቱ፣ ጠባዩ፣ የወላጅ እርካታ ነው። በከተማ ወላጁ የሚረካው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጁ ኤቢሲዲን ሲቆጥርለትና የቤት ሥራ ይዞ ሲመጣ ነው። ኬጂዎቹ ይህን ያውቁታል፤ ስለዚህ እንግሊዝኛውንና ደብተሩን ያበዛሉ፣ ጨዋታውን ያሳንሳሉ። የገበያው ሚዛንና የትምህርት ባለሙያው ሚዛን እዚህ ላይ ይለያያሉ።

ቼክሊስቱ ዝቅ ብሎ ቢመለከት

በውጭው ዓለም በዘርፉ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ጥራትን በሁለት ከፍለው ያዩታል። አንደኛው መዋቅራዊው ነው፦ ሕንፃ፣ የልጅና የመምህር ጥምርታ፣ የትምህርት ደረጃ። ሁለተኛው መምህሩና ልጁ በየደቂቃው የሚያደርጉት ግንኙነት ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመውና ኢከርስ በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው መለኪያ ተመልካቹን ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ያስቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከ1 እስከ 7 ይሰጠዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ፣ ዩኒሴፍ፣ የዓለም ባንክና ብሩኪንግስ ተቋም የጀመሩት ሜልኮ የተባለው ሥራ ደግሞ እንደ እኛ ላሉ አገሮች የሚስማማ ቀለል ያለ መለኪያ ለማዘጋጀት የታሰበ ነው።

የአንድን ክፍል ጥራት ለማየት ግን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ተመልካች እንጅባራ አካባቢ ባለ ኦ ክፍል ገብቶ ወደ ልጆቹ እግር ዝቅ ብሎ ይመልከት። ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል የተሠራ ኮምባይንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠ የአምስት ዓመት ልጅ እግሩ መሬት አይነካም፤ አገጩ ከጠረጴዛው ጠርዝ ይደርሳል። ለአንድ ሰዓት እንዲህ የተቀመጠ ልጅ ይቁነጠነጣል፣ መምህርቷም «ዝም በል» ትለዋለች። በመዝገቡ ላይ ግን «በቂ መቀመጫ አለ» ተብሎ ተጽፏል። መጸዳጃ ቤቱም እንዲሁ ነው። አለ፤ ቀዳዳው ግን ለትልቅ ሰው የተሠራ ስለሆነ ሕፃኑ ፈርቶ ግቢው ጥግ ይቀመጣል። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ በምትገኘውና ክረምቱ በሚበረታባት እንጅባራ የወለል ጉዳይም ቀላል አይደለም፤ እርጥብ አፈር ላይ ተቀምጦ የሚጫወት ልጅ የለም።

ሌላው ቼክሊስቱ በቅጡ የማይጠይቀው ቋንቋ ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር አውንጊ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ነው። በገጠሩ ብዙ ልጅ አፉን የፈታው በአውንጊ ነው። በከተማ ኬጂ ግን የሚሰማው አማርኛና እንግሊዝኛ ነው። ፖሊሲው የሕፃናት ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን ይላል። ስለዚህ በአዊ ውስጥ የሚሠራ ኢንስፔክተር «ልጁ መምህርቱን ይረዳታል? ሲጠማውና ሲታመም በራሱ ቋንቋ ሊነግራት ይችላል?» ብሎ ካልጠየቀ የሕግ አከባበሩንም ጥራቱንም ግማሹን ብቻ ነው ያየው። የመቀመጫውና የመጫወቻው ችግር ደግሞ መፍትሔው ቅርብ ነው፤ አካባቢው በቀርከሃ ሥራው የታወቀ ነው። የአካባቢው ባለሙያ አነስተኛ ወንበር፣ መቁጠሪያና መደርደሪያ ሊሠራ ይችላል። መመዘኛው «የተገዛ መጫወቻ» ከመቁጠር ይልቅ «ልጁ የሚነካውና የሚጫወትበት ነገር» ቢል ኖሮ ደሀው ኦ ክፍልም ነጥብ የሚያገኝበት መንገድ ይከፈት ነበር።

ሁሉም በመምህርቷ እጅ

የግንኙነቱ ጥራት የሚወሰነው በመምህርቷ ነው። የእንጅባራውን ጨምሮ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች የዞኑ የመምህራን ምንጮች ናቸው። ይሁንና ኦ ክፍል በፍጥነት ሲስፋፋ ሥልጠናው ሊከተለው አልቻለም። በብዙ ቦታ ኦ ክፍሉን የያዘችው ለሌላ ክፍል የሠለጠነች ወይም አጭር ሥልጠና ብቻ የወሰደች መምህርት ናት። በብዙ ትምህርት ቤትም ኦ ክፍል እንደ ማዕረግ አይታይም፤ ለአዲስ ተቀጣሪ ወይም ከሌላ ክፍል ለተዛወረ ይተዋል። የግል ኬጂዎች ደግሞ ደመወዛቸው ዝቅተኛ ስለሆነ መምህራኑ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣሉ።

ሥራው ግን ዋጋ አለው። ኢኮኖሚስቱ ጣሰው ወልደሃና ያንግ ላይቭስ በተባለው የልጆች ጥናት መረጃ ላይ ተመሥርተው ባካሄዱት ጥናት በኢትዮጵያ ከተሞች ቅድመ ትምህርት የገቡ ልጆች ካልገቡት የተሻለ የዕውቀት ዕድገት እንዳሳዩ ገልጸዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሰላም ያስፈልጋል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ኢንስፔክተር ወደ ቀበሌ አይወጣም፤ የመጨረሻው ምዘና የተካሄደው መቼ ነው የሚለው ራሱ የጥራት ጥያቄ ይሆናል።

ከሌሎች የሚወሰድ

አውስትራሊያ በ2012 እ.ኤ.አ. በጀመረችው ብሔራዊ የጥራት ማዕቀፍ ማዕከላትን በሰባት የጥራት መስኮች ትመዝናለች። ትምህርታዊ ሥራው፣ ጤናና ደኅንነቱ፣ አካላዊ አካባቢው፣ ሠራተኞቹ፣ ከልጆች ጋር ያለው ግንኙነት፣ ከቤተሰብ ጋር ያለው ትብብርና አመራሩ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ደረጃ ያገኛሉ። ደረጃው በማዕከሉ መግቢያ ላይ ይለጠፋል፤ ወላጅ ሁሉ ያየዋል። ሀብቷ ከእኛ ጋር አይወዳደርም። ደረጃን በየዘርፉ ለይቶ ለሕዝብ ማሳየት ግን ወረቀትና ማጣበቂያ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በአዊም ከዚህ መጀመር ይቻላል። የግሉም የመንግሥቱም ማዕከል በአንድ መመዘኛ ይታይ። ግብዓቱ፣ ሂደቱና ውጤቱ ተለይቶ በበሩ ይለጠፍ። የኦ ክፍሉ ክፍተት ሲጻፍ ከጎኑ የሚሞላበት ቀንና የሚሞላው አካል ይጻፍ፤ የወላጅ መምህር ኅብረትም ያንን ቀን ይዞ ይጠይቅ። በኬጂ በኩል የፈቃድ እድሳቱ ከግቢው ስፋት ባሻገር ክፍል ውስጥ የሚውል ግማሽ ቀን ምልከታ ይጨምርበት። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ከግል ባለሀብቱ የሚጠይቀውን ያህል ከራሱ ካልጠየቀ፣ ግዴታ ያደረገው ትምህርት ግዴታው በወላጁ ላይ ብቻ የወደቀ ይሆናል።