ቋንቋም ቤት ይሻል

በቅርቡ አቃቂ ለማስተምራቸው ልጆች አንድ ቀላል የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። ይኸውም እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ያሉትን ሽማግሌ ወይም አሮጊት ጠይቆ፣ እርሱ የማያውቀውን ቃል ጽፎ እንዲመጣ ነው። በማግሥቱ አንዲት ልጅ ከአያቷ የሰማቻቸውን አምስት ቃላት አነበበች፤ እንዝርት፣ ልቃቂት፣ ደጋን፣ ባዘቶ፣ ቀሰም። ባዘቶ ማለት በደጋን ተነድፎ ለፈትል የተዘጋጀ ጥጥ መሆኑን ከክፍሉ ውስጥ የሚያውቅ አንድ ስንኳ አልተገኘም። እውነቱን ለመናገር፣ መምህራቸው እኔም ብሆን ቀሰም ሸማኔ ማጉን የሚጠቀልልበት ቀጭን መቃ መሆኑን የተማርሁት ከዚህችው ልጅ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የሆነው በሌላ ስፍራ ቢሆን አይገርምም ነበር። አቃቂ ግን በ1950ዎቹ ከሕንድ ባለ ሀብቶች ጋር በሽርክና የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሟን ያስጠራላት፣ የጥጥና የፈትል አገር ናት። በፈትል አገር የፈትል ቃል ከጠፋ፣ በሌላውማ ምን ይባላል?

ልጅቱ ደብተሯን ከማጠፏ በፊት፣ «መምህር፣ አያቴ ሲሞቱ እነዚህ ቃላት የት ይሄዳሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ወዲያው መልስ አላገኘሁም። ዛሬ ይህን የምጽፈው ለእርሷም ለእርስዎም መልስ ይሆናል ብዬ ነው።

በቀድሞው ጊዜ ቃል የሚጠበቀው በጥቂት ሊቃውንት ትከሻ ነበር። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድም ዕድሜያቸውን ሲደክሙበት ኖረው፣ ሳይታተም ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አስረከቡት። መጽሐፉ ታትሞ የወጣው በ1948 ዓ.ም. ነው። አለቃ ደስታ ደግሞ የራሳቸውን ታላቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ። እስኪ ያስቡት! ከሦስቱ አንዱ አደራ በላ ቢሆን ኖሮ፣ የሦስት ሰው ዕድሜ ድካም በሣጥን ውስጥ የምስጥ ቀለብ ሆኖ ይቀር ነበር። ሰው ሟች ነውና ለቋንቋ የማይሞት ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ እርሱም የሕዝብ ተቋም ነው።

እንዲህ ያሉ ቤቶች በአገራችን የሉም አይባልም። ወመዘክር ብለን የምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ተቋቋመ። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ሰፍቶ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሆነ፤ ይህም ተገቢ ነበር፤ በአቃቂ ሜዳ ዙሪያ የሚነገረው ኦሮምኛም እንደ አማርኛው ሁሉ ጠባቂ ቤት ይሻልና። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር፣ የቋንቋ ጥናት ለሕዝብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ታየ። አካዳሚው በኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ፣ የምርምር ማዕከል በተባለበት ጊዜ፣ በ1993 ዓ.ም. የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ይህ መጽሐፍ የአንድ ሰው ሳይሆን የተቋም ሥራ ነው።

«ብዙ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ምን ጠባቂ ያሻዋል?» የሚል አይጠፋም። የአቃቂን ፋብሪካ ወደ አቋቋሙት ሰዎች አገር ተሻግረን የፑንጃብን ቋንቋ እንመልከት። ፑንጃብ በ1947 እ.ኤ.አ. ለሕንድና ለፓኪስታን ስትከፈል አንዱ ቋንቋ በሁለቱ አገሮች በተለያየ ፊደል የሚጻፍ ሆነ። በፓኪስታን በኩል ፑንጃቢ የሚናገረው ሕዝብ እጅግ ብዙ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱና ጽሕፈት ቤቱ የሚሠሩት በኡርዱና በእንግሊዝኛ ነው። በሕንድ በኩል፣ በፓቲያላ፣ በቋንቋው ስም የተጠራ ዩኒቨርሲቲ በ1962 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ በላሆርም የቋንቋ፣ የኪነ ጥበብና የባህል ተቋም በ2004 እ.ኤ.አ. በሕግ ተቋቋመ። እንግዲህ የተናጋሪው ብዛት ብቻውን ቋንቋን አይጠብቅም ማለት ነው። በገበያ ብቻ ሲነገር የኖረ ቋንቋ፣ መጽሐፍና መዝገብ ካላገኘ እያደር ይሳሳል።

ነገር ግን ተቋም የሚያስቀምጠው የመጣለትን ነው። በአቃቂ ሸማኔ ቤት ያለውን ቃል ዩኒቨርሲቲው ራሱ መጥቶ እስኪለቅመው ብንጠብቅ፣ ባለቤቶቹ ይቀድሙናል። ስለዚህ እርስዎ ተማሪ ከሆኑ፣ ዛሬ ማታ ደብተርዎን ይዘው ከአያትዎ አጠገብ ይቀመጡ፤ ቃሉን፣ ትርጉሙን፣ የተነገረበትንም ስፍራ ይጻፉ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑም፣ ለባለ ጉዳይ የሚጽፉት ደብዳቤ አንዲት ባልቴት ሰምታ የምታስተውለው ይሁን። ቋንቋ የሚከበረው በንግግር ሳይሆን እንዲህ ባለ ሥራ ነው።

የክፍላችን የቃላት ደብተር ተጀምሯል። የመጀመሪያው ገጽ የልጅቱ አያት ነው፤ ባዘቶም ልቃቂትም በዚያ ተጽፈዋል። ሲሞላ ተማሪዎቼ ራሳቸው ወደ ዩኒቨርሲቲው ይዘውት ይሄዳሉ። አያትየው የእኛን ቃል እንደ ክር ፈትለው ሰጥተውናል፤ መሸመኑ የእኛ ፈንታ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ!