የላብራዶር ውሻ ጠጉርና ጠጉሩ የሚሸሽገው ዘር

ላብራዶር ሪትሪቨር የሚባለው የውሻ ዝርያ በይፋ የታወቁለት ቀለሞች ሦስት ናቸው፤ ጥቁር፣ ቸኮሌት የሚባለው ቡናማና ቢጫ። ቢጫው ስሙ አንድ ይሁን እንጂ መልኩ ብዙ ነው። ወተት ከሚመስል ፈዛዛ ይጀምርና በቡላ በኩል አልፎ የቀበሮ ጠጉር እስከሚመስል ደማቅ ቀይ ይደርሳል።

የዝርያው አያቶች በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ከዓሣ አጥማጆች ጋር የሚሠሩ ውሾች ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ብሪታንያ ሲሻገሩ መኳንንቱ በአደን የተመታ ወፍ ለቅመው እንዲያመጡ አራቧቸው። ያን ጊዜ ተፈላጊው ጥቁሩ ብቻ ነበር። ሆኖም ከጥቁር ወላጆች ቢጫና ቡናማ ቡችሎች መወለዳቸው አልቀረም። በቢጫነቱ መጀመሪያ የተመዘገበው ቤን ኦፍ ሃይድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው።

ጥቁር ወላጆች ቢጫ የሚወልዱበት ምክንያት በሁለት ጂኖች ይገለጻል። እያንዳንዱ ውሻ ከየጂኑ ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወርሳል። የመጀመሪያው ጂን ቲ.ዋይ.አር.ፒ.1 ይባላል፤ ሥራው ጥቁሩን ቀለም በሙሉ ጥቁረቱ ማውጣት ነው። ለዚህ አንድ ደህና ቅጂ ይበቃል። ሁለቱም ከተበላሹ ግን ጥቁር ሊሆን የነበረው ቀለም ቡናማ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ኤም.ሲ.1.አር. ነው፤ ሰዎችን ባለ ቀይ ጠጉር፣ ፈረሶችንም ቀይ የሚያደርገው ይኸው ጂን ነው። ከዚህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ቀለም በሚያመርተው ሕዋስ ገጽ ላይ ተቀምጦ «ጥቁሩን አምርት» የሚለውን መልእክት ይቀበላል። በቢጫ ላብራዶር ሁለቱም ቅጂዎች ተቆርጠው የቀሩ ስለሆኑ መልእክቱን የሚቀበል የለም፤ ጠጉሩም ቢጫውን ቀለም ብቻ ያገኛል። የመጀመሪያው ጂን ጥቁርም ይዘዝ ቡናማ፣ ትእዛዙ ጠጉሩ ላይ አይታይም።

አፍንጫው ግን ይናገራል። የአፍንጫና የዓይን ዙሪያ ቆዳ በዚህ መልእክት ላይ እንደ ጠጉሩ ስለማይመካ፣ ቢጫ ውሻ ባለ ጥቁር አፍንጫ ከሆነ ቢያንስ አንድ የጥቁር ቅጂ አለው፤ ቡናማ አፍንጫ ያለው ሁለቱንም የቡናማ ቅጂዎች ተሸክሟል። መታየት ያለበት የቡችላነቱ አፍንጫ ነው፤ በእርጅናና በብርድ ወራት የብዙ ቢጫ ውሾች አፍንጫ እየደበዘዘ ወደ ሮዝ ያደላልና።

እንግዲህ የቡናማና የቢጫ ቅጂ በድብቅ የያዙ ሁለት ጥቁር ውሾች ሲዳቀሉ ከ16 ቡችሎች በአማካይ 9 ጥቁር፣ 3 ቡናማ፣ 4 ቢጫ ይሆናሉ። ሁለት ቢጫዎች ከቢጫ በቀር አይወልዱም። ሁለት ቡናማዎችም ጥቁር ሊወልዱ አይችሉም፤ ቡናማ፣ አንዳንዴም ቡናማ አፍንጫ ያለው ቢጫ ይወልዳሉ እንጂ። ዛሬ ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና የተደበቀው ቅጂ ቀድሞ ይታወቃል።

በሽያጭ ገበያ «ብርማ» የሚባሉ ላብራዶሮች ከዚህ ሥርዓት ውጭ ናቸው። ኤም.ኤል.ፒ.ኤች. የተባለ ሌላ ጂን ሁለቱም ቅጂዎች ሲበላሹ ቡናማው ቀለም ደብዝዞ ብር ይመስላል። ይህ ቅጂ ወደ ዝርያው እንዴት እንደገባ የከረረ ክርክር አለ፤ ጠጉር የሚያረግፍ የቆዳ ሕመምም አንዳንዶቹን ይይዛቸዋል።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የቡናማዎቹ ጤና ነው። በብሪታንያ ላብራዶሮች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት፣ የቡናማዎቹ አማካይ ዕድሜ 10.7 ዓመት፣ የሌሎቹ 12.1 መሆኑን አሳይቷል፤ የጆሮና የቆዳ በሽታም በቡናማዎቹ በዝቷል። ቀለሙ ራሱ ገዳይ ነው ማለት አይደለም። ቡናማ ቡችላ የሚገኘው ሁለቱም ወላጆች ቅጂውን ሲይዙ ብቻ ስለሆነ፣ ቀለሙን ብቻ የሚሻ አርቢ ከጥቂት ውሾች መካከል ለመምረጥ ይገደዳል፤ ያን ጊዜ ለጆሮና ለቆዳ በሽታ የሚያጋልጠውም ዘር ከቀለሙ ጋር አብሮ ሊወረስ ይችላል።