ሆድ ሲደርቅ ታይሮይድን ማን ያስታውሳል?

“ጨጓራዬ ነው” የማይል ሰው ዛሬ ማግኘት ይከብዳል። ሆድ ሲነፋ ጨጓራ፣ ቃር ሲያቃጥል ጨጓራ ይባላል። ሦስት አራት ቀን ሳይፀዳዱ ሲቆዩ ደግሞ ተልባ ይበጠበጣል፤ ካልሆነም ከመድኃኒት ቤት አንድ ነገር ይገዛል። የብዙው ሰው ሆድ በዚህ ይረጋጋ ይሆናል። የታይሮይድ ዕጢው ሥራ የቀነሰበት ሰው ግን በዚሁ መንገድ ሄዶ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል።

ታይሮይድ አንገት ላይ ከፊት ለፊት የምትገኝ ትንሽ ዕጢ ናት። የምታመነጨው ሆርሞን ሲያንስ የልብ ምትም፣ ሐሳብም፣ አንጀትም ይዘገያል። ምግብ በአንጀት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ውኃው ይመጠጥና ሆድ ይደርቃል፣ ይነፋል። ድካም፣ ያለምክንያት ክብደት መጨመር፣ የቆዳ መድረቅና ብርድ አለመቻል አብረው ይመጣሉ። ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለችው ሮቢት ባለ ቆላ፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርበው “በረደኝ” የሚሉ እናት ካሉ፣ ስለ ሆዳቸው ድርቀት ከመጨነቅ በፊት ቲ.ኤስ.ኤች የተባለውን የደም ምርመራ ማሰብ ይገባል።

በአገራችን ታይሮይድ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው እንቅርት ነው። ምክንያቱም የአዮዲን እጥረት ነበር። ራያ ቆቦ በምሥራቅ የሚዋሰነው ከጨው አገር ከአፋር ጋር ነው፤ ነገር ግን ጨው መኖሩ ብቻ አዮዲን መኖሩን አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2005 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በቂ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከአምስት ቤቶች በአንዱ ገደማ ብቻ ነበር። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ፤ በ2016ቱ ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው ከአሥር ቤቶች በዘጠኙ ገደማ ተገኝቷል። ይህን ማንሳታችን ያለምክንያት አይደለም። “ታይሮይድ አለብኝ” ያለ ሰው ሁሉ የአዮዲን ወይም የባሕር አረም እንክብል ይፈልጋል። አዮዲን የጎደለው ሰው ይጠቀምበታል፤ ዕጢው በገዛ ራሱ የሰውነት መከላከያ የተጠቃበት ወይም በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ግን ከአዮዲን እንክብል የሚያገኘው ጥቅም የለም። እንዲያውም ከመጠን ያለፈ አዮዲን የደከመን ዕጢ ይበልጥ ሊያደክም ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች ሕክምናው የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን ነው።

ሌቮታይሮክሲን ደግሞ ኩሩ ኪኒን ነው፤ ጎረቤት አይወድም። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና 30 ደቂቃ፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ቀድሞ መዋጥ አለበት። በምሳሌ እንየው። ሮቢት የሚኖሩ አንዲት እናት ሌቮታይሮክሲን ታዘዘላቸው እንበል። ጠዋት ኪኒኑን በቡና ያወራርዳሉ። ቃር ስላለባቸው የሚታኘክ የጨጓራ ኪኒን ይጨምራሉ። ሪያድ ያለችው ልጃቸው የላከችላቸውን ብረትና ካልሲየም ያለበት መልቲቫይታሚንም አብረው ይውጣሉ። ብረት፣ ካልሲየም፣ እንዲሁም አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ያለባቸው የቃር ማስታገሻዎች ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። እናታችን በየቀኑ ኪኒናቸውን እየዋጡ እንዳልዋጡ ይሆናሉ። ሆርሞኑ ሲያንስ ሆዳቸው ይበልጥ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ሌላ መድኃኒት ይገዛል። ብረትና ካልሲየም ራሳቸው የሆድ ድርቀት ማምጣታቸው ሳይረሳ ነው።

መፍትሔው መልቲቫይታሚኑን መጣል ላይሆን ይችላል፤ ማራራቅ ነው። ሌቮታይሮክሲን ጠዋት 12 ሰዓት ከተዋጠ፣ ብረትና ካልሲየም ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ይሁኑ። ተልባና ሌሎች አሰር የበዛባቸው ነገሮችም ከኪኒኑ ጋር በአንድ ሰዓት አይወሰዱ። ጠዋት የማይመቸው ሰው ከእራት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ሲተኛ መዋጥ ይችላል። የረመዳን ጾም ለሚጾሙ የሌሊቱ ሰዓት ይሻላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ኦርቶዶክሳውያንም የእንቅልፍ ሰዓቱን ሊመርጡ ይችላሉ። ዋናው ነገር ሰዓቱ ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ አለመሆኑ ነው።

ስለ ጨጓራ ከተነሳ ኤች ፓይሎሪ የምትባለውን ባክቴሪያ ማለፍ አይቻልም፤ በአገራችን በጣም የተስፋፋች ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 የጣሊያን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በዚህች ባክቴሪያ ጨጓራቸው የተቆጣ ወይም የጨጓራቸው ግድግዳ የሳሳ ሕመምተኞች ከሌሎቹ ከ20 በመቶ በላይ ከፍ ያለ የሌቮታይሮክሲን መጠን አስፈልጓቸዋል። ኪኒኑ እንዲሟሟ የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል። አሲዱን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞልም እንዲሁ ሊያስተጓጉለው ይችላል። በተቃራኒው ባክቴሪያዋ ታክማ ስትጠፋ የቀድሞው መጠን ሊበዛና ልብ ሊያስመታ ይችላል። ስለዚህ የጨጓራ መድኃኒት የጀመረም ያቆመም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ቲ.ኤስ.ኤች መመርመር አለበት። ይህን ሐኪሙ ባያነሳ ሕመምተኛው ያንሳው።

ለከተሜው አንባቢ የምንነግረው ስለ ባዮቲን ነው። ፀጉር ሲሳሳ (የታይሮይድ ማነስም ያሳሳዋል) “ለፀጉር፣ ለቆዳና ለጥፍር” የሚሉ እንክብሎች ይገዛሉ። ሰውነት በቀን የሚበቃው ባዮቲን 30 ማይክሮግራም ገደማ ሆኖ ሳለ፣ በእነዚህ ውስጥ 5 ሺሕና 10 ሺሕ ማይክሮግራም ይገኛል። ብዙ ባዮቲን አንዳንድ የላቦራቶሪ ምርመራዎችን ያሳስታል፤ የሌለ የሆርሞን ብዛት ያሳያል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። ከደም ምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ማቆምና ለላቦራቶሪው መንገር ይበጃል። ጎመንን በተመለከተ የሚወራው ግን ተጋኗል፤ አዮዲን ባልጎደለው ሰው የበሰለ ጎመን እንደወትሮው ቢበላ ችግር የለውም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው እርግዝና ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የፅንሱ አእምሮ የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው። የሌቮታይሮክሲን ፍላጎት በዚህ ጊዜ ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል። በቅድመ ወሊድ ክትትል ደግሞ ለነፍሰ ጡሯ የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብል ይሰጣታል፤ ይህም ተገቢ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የምትውጥ ሴት ግን ሆርሞኑ በሚያስፈልጋት ሰዓት ሆርሞኑን ታጣለች። ማርገዟን እንዳወቀች መመርመር፣ ኪኒኗን ጠዋት፣ ብረቱን ማታ ማድረግ አለባት። ሁለቱንም ማቋረጥ የለባትም።

ሆድ ድርቀቱ ከደም፣ ከከባድ ቁርጠት፣ ከትውከት ወይም ክብደት ከመቀነስ ጋር ከመጣ በታይሮይድ ማመካኘት አይገባም፤ ቶሎ ሐኪም ይየው። ብረት የሚወስድ ሰው ሰገራው ቢጠቁር ግን ላያስደነግጥ ይችላል።

ከአዲስ አበባ ለወላጆቻችሁ መድኃኒት የምትልኩም አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙ የሌቮታይሮክሲን ማሸጊያዎች ላይ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀመጥ የሚል ተጽፏል። የራያ ቆላ ሙቀት ከዚህ ያልፋል። የሦስትና የአራት ወሩን በአንድ ጊዜ ከመላክ በትንሽ በትንሹ መላክ፣ ከማሸጊያው አለማውጣት፣ በቤቱ ቀዝቃዛና ደረቅ ጥግ ማኖር ይሻላል። መድኃኒቱን በአውቶቡስ የምትልኩም ፀሐይ በሚያርፍበት በሾፌሩ መስታወት ሥር እንዳይቀመጥ አደራ በሉ።